የአሥራ አንድ ደቂቃ በረኛ

አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ባለች ትንሽ ኮሌጅ አራት ዓመት በረኛ ነበርኩ። በአራት ዓመት የተጫወትኩት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው! አሰልጣኛችን ዶሪን ሁክስትራ ከጎናቸው አስቀምጠው ደብተር ያስይዙኛል። «ጻፊ» ይሉኛል፤ «ማን ደከመ? ማን ይቀየር? በእረፍት ምን ይባሉ?» እርር ድብን እያልኩ እጽፋለሁ። እናቴ ሦስት ሰዓት ነድታ መጥታ ስጽፍ አይታኝ ትመለሳለች። በእረፍት ደግሞ ዶሪን ደብተሩን ተቀብለውኝ ቡድኑን ይዘው መልበሻ ክፍል ይገባሉ፤ እኔ ከተጠባባቂዎች ጋር ሜዳ ላይ እቀራለሁ።

ከተመረቅኩ በኋላ ስድስት ዓመት በረዳትነት ሠራሁ። ሚኒባስ ነዳሁ፣ ማሊያ አጠብኩ፣ ሜዳ አሰመርኩ። ባለፈው ሳምንት ለዋና አሰልጣኝነት ስወዳደር ቀጣሪዎቹ የአንድ ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ በቪዲዮ አሳዩኝና «በእረፍት ምን ትያቸዋለሽ?» አሉኝ። በቃሽ እስኪሉኝ ተናገርኩ። ሥራውን ሰጡኝ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለዶሪን ነው።

«ኮች፣ ዋና አሰልጣኝ ሆንኩልዎ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ያ ደብተር ነው ያበቃኝ። ግን እውነቱን ይንገሩኝ፣ በረኝነቴ ያን ያህል አይረባም ነበር?»

«ወንፊት ነበርሽ!» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን አላሰናበቱኝም?»



«የኔ ልጅ፣ ማመስገን ያለብኝ እኔ ነኝ» አሉ። «በእረፍት ለልጆቹ የማነብላቸው ያንቺን ደብተር ነበር፤ የራሴ አስመስዬ።»