በላስቲክ የመጣው ሻጋታ

ዶክተር ጸደንያ ጉርድ ሾላ ካለ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ አባባ ጀቤሳ የሚባሉ አዛውንት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ቢሊሱማን አቅፈው ገቡ። ትኩሳቱ ከያዛት ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ሌላ ቦታ የታዘዘላት አንቲባዮቲክ ምንም አልፈየደም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሷ እንጆሪ መስሏል።

ጸደንያ ይህን መጽሐፍ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይታው አታውቅም። ካዋሳኪ የሚሉት በሽታ ነው፤ የደም ሥሮችን ያስቆጣል፣ ችላ ካሉት ልብን ይጎዳል። የልብ አልትራሳውንድ ሲነሣላት አንዱ የደም ሥር ትንሽ ሰፍቶ ተገኘ። ለዚህ በሽታ የሚሰጠውን፣ ከለጋሾች ደም የሚዘጋጀውን መድኃኒት ጸደንያ ስልክ ስትደውል ውላ ኦሎምፒያ አካባቢ አገኘችው። ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ በተሰጣት ማግስት ተነሥታ ብርቱካን ጠየቀች።

አባባ ጀቤሳ በሳምንቱ ብቻቸውን መጡ።

«ምንድን ነው ያመጣባት?»

«እስካሁን በትክክል የሚያውቅ የለም አባባ። አይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ግን አንብቤያለሁ። ፈንገስ፣ ያው የሻጋታ ዘር፣ ገላው ላይ የስኳር ልባስ አለው። የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ደግሞ ያንን ስኳር ለይቶ የሚይዝ መቀበያ አላቸው። አይጦቹን ስኳሩን ሲወጓቸው መቀበያው ያዘው፣ ሴሎቹም ተቆጡ፣ የልባቸው የደም ሥር አበጠ። ያ መቀበያ ሳይኖራቸው የተወለዱት ግን ደህና ሆኑ።»

«ስኳር ስትይ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው?»

«የሱ ዘመድ ነው።»

ሽማግሌው አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ገርጂ ካለው አዲሱ ኮንዶሚኒየማቸው ግድግዳ የፈቀፈቁትን ጥቁር ሻጋታ በላስቲክ ቋጥረው ከች አሉ። ጸደንያ ሳቋ መጣ፣ ግን አልጣለችውም። ላቦራቶሪ ይዛቸው ገብታ በማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው።

«የሽንኩርት አበባ ይመስላል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«አይጦቹን ያሳመመው ይሄ አይደለም። እዚሁ ሰው ገላ ላይ የሚኖር ሌላ ፈንገስ ነው። ደግሞ አይጥ ላይ የታየ ሁሉ ሰው ላይ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ግድግዳውን ጥፋተኛ አንበለው።»

«እሺ። እኔ ገርጂ እርሻ ሳለች የሻገተ ገብስ በእጄ ስዝቅ ነው የኖርኩት። የልጅቷ ወንድም ቢቂላም ከሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። ታዲያ ለምን እሷን ብቻ?»

ጥያቄው ጸደንያን እንቅልፍ ነሳት፤ ጥናቱን ለሠሩት ተመራማሪዎች ኢሜይል ጻፈችላቸው። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፦ ሰው ላይ ገና አናውቅም፤ አይጦቹም ቢሆኑ እንደ ዘራቸው ይለያያሉ፣ ያንኑ ስኳር ተወግተው የደም ሥራቸው ብዙም የማይቆጣ አሉ።

ቢሊሱማ ለክትትል ስትመጣ የደም ሥሯ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ጸደንያ መልእክቱን ለአባባ ጀቤሳ አነበበችላቸው።

«ይሄንንስ እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር» አሉ። «ከብቶቹ በአንድ በረት አድረው፣ አንድ ውኃ ጠጥተው፣ በሽታ ሲገባ የአንዷን ላም ጥጃ ሁሉ ይጨርሳል፤ የሌላዋን አይነካም። ለምን እንደሆነ አባቴም አያውቅም ነበር።»

ጸደንያ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እስኪ ስለ ላሞቹ ይንገሩኝ» አለቻቸው።