የወረደው ቁጥር

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቦንጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ናቸው። በሃያ ዓመት አገልግሎታቸው የወረደ ቁጥር ለአለቃ አቅርበው አያውቁም። የአንጀት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የተመረመሩትን የደም ውጤት በሐኪሟ በር ላይ ሲያነቡ ግን የወረደ ቁጥር አገኙ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አርባ ሁለት የነበረው ሦስት ሆኗል።

«አለቀልኝ» አሉ ለባለቤታቸው።

«ድሮም ዕጢው በግራ በኩል ነው ሲሉን ፈርቼ ነበር» አሉ እትዬ ዙፋን። «በግራ የቆመ መቼ ጸደቀ?»

ሲገቡ ዶክተር ፀደንያ ወረቀቱን ተቀብላ ከቀድሞው ውጤት ጋር አመሳከረች። እትዬ ዙፋን የግራውን ነገር አነሱባትና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ይኼ ቁጥር ካንሰሩ ሲኖር ነው የሚጨምረው፤ መውረዱን ነው የምንፈልገው። የግራው ዕጢም ብዙ ጊዜ ከቀኙ ይሻላል።»

«ታዲያ ድኛለሁ?»

«እሱን ገና አላልኩም ጋሼ። በየሦስት ወሩ እንለካዋለን፤ ከፍ ካለ ቶሎ እንድንደርስበት።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጥቂት አሰቡ።

«እሺ፤ ብቻ መዝገቡን እርስዎ ይያዙልኝ ዶክተር። የእኔ እጅ ቁጥር ማሳደግ ለምዷል።»