ሲቆም የሚንቀጠቀጠው ወፍጮ

ከሚሴ ላይ የአቶ ፈቃደን የናፍጣ ወፍጮ ለስድስት ዓመት ያንቀሳቀስኩት እኔ እንድሪስ ነኝ። ሚስቴ ሙሚና ከወፍጮው አፍ ዱቄት ትቀበል ነበር። አቶ ፈቃደ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ብረትም እንደ ሰው የሚታዘዛቸው ይመስላቸዋል።

በ1957 ዓ.ም. ረመዳን በወጣ ሰሞን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሞተሩን ሳጠፋ የወፍጮው ዘንግ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይመጣና መሐል ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ይተዋል። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ግን ጤነኛ ነው። በሳምንቱ ባሰበት። ዘንጉ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ላይ እጄን ሳሳርፍ፣ አንዴ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመታኛል።

«ጋሼ፣ ይህ ዘንግ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ፈትተን እንየው» አልኳቸው።

«የሚንቀጠቀጠው ስታቆመው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አታቁመዋ። ሶላቱን ተራ በተራ ስገዱ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ከጠዋት እስከ ምሽት ሳያርፍ ይፈጫል። ምሽት ላይ ሲጠፋ ወለሉ ሁሉ ይርዳል፤ እኔ ግን ቀኑን በሰላም ካዋለኝ ብዬ ቤቴ እገባለሁ።

የአረፋ ዋዜማ፣ ግቢው በአስፈጪ ተሞልቶ ሳለ፣ መንቀጥቀጡ ሞተሩ ሳይጠፋ በሙሉ ፍጥነት መጣ። ቢቀጥል ይሰበራል፤ ቢጠፋ ደግሞ ያንን መሐል ላይ ያለውን ክፉ ፍጥነት ማለፉ አይቀርም።

«ኮቱ፣ ነይ ሙሚና፣ ውጪ» አልኳት።

«ተራው የዘሃራ ነው፤ ዱቄቷ ይፈሳል እኮ።»

«ይፍሰስ።»

ክንዷን ይዤ አወጣኋት። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፣ ጥላው ላይ አስቀመጥኳትና «እዚሁ ቆዪኝ» አልኳት። ሌሎቹን ሴቶች ወደ መንገዱ ሰደድኩ።

ስመለስ አቶ ፈቃደ ናፍጣውን ዘግተውታል። «ፈሪ» አሉኝ ፈገግ ብለው። ዘንጉ ቀነሰ፣ ቀነሰ። መሐል ላይ ሲደርስ ቤቱ ተናጋ፤ ዘንጉም እንደ አገዳ ቀጭ አለ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የሚጠመጠምበት ትልቁ መዘውር ተፈናጥሮ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ወጣ።

አቶ ፈቃደ የተሰበረውን ዘንግ እያዩ ደርቀው ቀሩ። ስብራቱ አብዛኛው ድሮ ተሰንጥቆ የጠቆረ ነው፤ ያን ቀን የተሰበረው የአውራ ጣት ስፋት ብቻ ነበር። እኔ የማየው ግድግዳው ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ ነው። ሙሚናን በገዛ እጄ ያስቀመጥኳት ከዚያ ጀርባ ነበር።