የኡጋሱ ፍርድ በሙሂዲን አፍ

ሙሂዲን እንደሚለው፣ ኡጋሱ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጅቷ የሟች ባሏን ወንድም ታግባ» ብለው ፈረዱ። ሽማግሌው ዋይስ ደግሞ፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ዛፍ ሥር፣ ኡጋሱ የተናገሩት ሁለት ቃል ብቻ ነው ይላሉ፤ «ልጅቷ ትጠየቅ።»

ልጅቷ ዐስሊ ነበረች። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስልሳ ሁለት ሆኗታል። የዋይስን ቃል የሰማችው ግን ዛሬ ነው፤ የጎሳው ንጉሥ ኡጋሱ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ድሬዳዋ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ።

የኡጋሱ ፍርድ አይጻፍም። በሕይወት ሳሉ በመልእክተኛ አፍ ይደርሳል፤ ሲያርፉ ደግሞ በችሎቱ የነበሩ ሽማግሌዎች በለቅሶው ላይ አንድ በአንድ ያነሡታል። ያን ቀን መልእክተኛው የዐስሊ ወንድም ሙሂዲን ነበር፤ ሴቶች ከዛፉ ሥር አይቀመጡምና።

«አደር ዋይስ፣» አለ ሙሂዲን፣ አጎቴ ለማለት፣ «እርስዎ እኮ ትናንት ምሳ የበሉትን አያስታውሱም።»

«ትናንት ሩዝ ነበር። ሥጋው በሙሉ አንተ ፊት ነበር።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ዐስሊ አልሳቀችም።

ኡጋሱን እንደ አባት ትወድ ነበር። ሁለት ጎሳ በአንድ ጉድጓድ ውኃ ሲጋደል፣ መሐል ገብተው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እስኪታረቁ እህል አልቀምስም ያሉ ሰው ናቸው። ቀፊራ ገበያ ሲመጡ ሱቅ እንዳይዘጋላቸው ይከለክሉ ነበር። የምትወደውን የቢዮ አዋሌውን ሲያድን ትታ የሟች ባሏን ወንድም ዐብዲፈታሕን ስታገባ ያጽናናት አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ካሉ ልክ ነው የሚል። ዐብዲፈታሕም ክፉ አልነበረም፤ አምስት ልጅ አሳድገው ከስድስት ዓመት በፊት ቀበረችው። ቢሆንም፣ ከቢዮ አዋሌ የሚመጣ መኪና ባየች ቁጥር ከላይ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ሳታይ አልፋ አታውቅም።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ጊዜ ኡጋሱ ቀፊራ ወተት ስትሸጥ አገኟት። «ደህና ነሽ ልጄ?» አሏት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። አልሄዱም፤ ለሰላምታ ከሚበቃው በላይ ቆመው ጠበቁ። ያኔ ያዘኑላት መስሏት ነበር። አሁን ገባት፤ መርጣ አግብታ እንደሆነ ሊያውቁ ፈልገው ነበር። እሳቸው ሲጠብቁ እሷ ወተቷን ትቀዳ ነበር። ዛሬ ያችን ደቂቃ ለማግኘት ያላትን ሁሉ በሰጠች።

መጋረጃውን ገልጣ ወደ ወንዶቹ ገባች። ጫጫታው በረደ።

«ሙሂዲን፣ ትጠየቅ ነው ያሉህ?»

ወንድሟ አቀረቀረ። «ልጅ ታቅፈሽ ነበር። ሲያድ የሚጠብቀው የሰው ግመል ነበር። ብትጠየቂ እሱን እንደምትዪ አውቅ ነበር።»

«መልሱን ስለምታውቅ ነው ጥያቄውን የበላኸው?»

«ጥሩ ቤት ነው የገባሽው፣ ዐስሊ።»

«ጥሩ ቤት ነው። እኔ አልመረጥኩትም እንጂ።»

ሙሂዲን ዓይኑን በፎጣው ጫፍ ጠረገ። «አውፍ በይኝ» አለ።

«ቆይ፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።»

ዋይስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲያድ ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ደርሶ ተመለሰ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ደጃፍሽን ጠየቀኝ፤ ሳላስፈቅድሽ አላሳይም አልኩት።» ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኡጋሱ ትጠየቅ ብለዋል፤ ፍርዱ ሳይፈጸም ነው ያረፉት። ችሎቱ ላይ ከነበርነው ሽማግሌዎች የቀረሁት እኔ ነኝ። ዐስሊ፣ ማንን ትፈልጊያለሽ? ማንንም አልፈልግም ማለትም መልስ ነው።»

ዐስሊ ሻሿን አጠበቀች። አምስቱን ልጆቿን አሰበች፤ የሰፈሩን ሴቶች ሳቅ አሰበች። ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ «አቦ መልሺ እንጂ!» አለች።

«ሲያድን» አለች ዐስሊ። «ግን እኔ ቢዮ አዋሌ አልሄድም። እሱ ይምጣ።»