እሺ ሳይባሉ የተቀመጡት ሽማግሌዎች

የልጅ ልጄ መቅደላዊት ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት እኔ ዘንድ ሞላሌ ስትመጣ ሐሳቤ ትንሽ እንድትወፍርልኝ ብቻ ነበር። እሷ ግን በሦስተኛው ቀን፣ «እምዬ፣ ባል የደበደባቸው ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት አለ። በነጻ ላገለግል ተመዝግቤአለሁ» አለችኝ።

«ባሎቹስ?»

«ቤቱን አያውቁትም። እርስዎም አይጠይቁኝ።»

እኔ ደግሞ አይጠይቁ ከተባልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። በማግስቱ ዝናብ ሲያካፋ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች። ይዤላት በሩቅ ተከተልኳት፤ እስከ በሩ ድረስ። በሩ የት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም።

መቅደላዊት ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። «እምዬ! ማን አይቶዎታል?»

«ማንም። ጉንፋን እንዳይዝሽ ብዬ ነው።»

ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች፤ እጇ በጀሶ ታስሯል። አይታኝ ሮጣ ገባች። «ኮቴ በሰማች ቁጥር እሱ የመጣ ይመስላታል» አለችኝ መቅደላዊት በሹክሹክታ። ለማንም ላልናገር በኪዳነ ምሕረት ማልኩላት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ከግቢዬ ገቡ፦ የንስሐ አባቴ መምሬ መልከ ጼዴቅ፣ አቶ ወንድምአገኝና አቶ ፈንታ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም። ጉዳይ አለን» አሉ አቶ ወንድምአገኝ።

ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም። ልጄን ሊያጩብኝ ነው!

«ልጅቱ ተማሪ ናት!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ደግሞ ወጥ አትችልም። ጨው ታበዛለች። ብርድም ትፈራለች። ስትተኛም ትራገጣለች!»

«እምዬ!» አለች መቅደላዊት ከውስጥ።

አቶ ወንድምአገኝ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። «እኛስ ለጋብቻ አልመጣንም፤ ከእንግዲህ ግን ማንም የሚመጣ አይመስለኝም።»

አፈርኩ። መምሬ መልከ ጼዴቅ ግን አልሳቁም። «አስፋው ልኮን ነው፤ ሚስቱ ኮብልላለች። ልጅሽ ከምታገለግልበት ቤት ናት ይባላል። ቤቱን አሳዩንና እናስታርቃቸው።»

«አልናገርም፣ አባ» አለች መቅደላዊት በሩ ላይ ቆማ።

መምሬም ወደ እኔ ዞሩ። በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። «ወለተኪዳን፣ አንቺስ ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

ለንስሐ አባት እንዴት ይዋሻል? ያቺ ቀጭን ሴት ሮጣ ስትገባ ታየችኝ።

«አውቀዋለሁ፣ አባቴ።»

መቅደላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አውቀዋለሁ፤ ግን አልናገርም» አልኩ። «አርባ ዓመት ኃጢአቴን ስነግርዎ ለማን አወጡብኝ?»

«ለማንም!»

«አቶ ፈንታ እዚሁ ቆመው ቢጠይቁዎትስ?»

«ምን በወጣኝ!»

«ሆሆ፣ እኔስ ምን ቤት ነኝ?» አሉ አቶ ፈንታ።

«እንግዲያው እኔም የሰው ምስጢር ይዣለሁ። ደግሞ የተሰበረ እጇን...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

መምሬ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «እጅ ተሰብሯል እንዴ?»

«አስፋው ኩርፊያ ነው ያለን» አሉ አቶ ፈንታ መሬት መሬት እያዩ።

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ደጁ ካለው መደብ ላይ ቁጭ አሉ።

አቶ ወንድምአገኝ ደነገጡ። «መምሬ፣ እሺ ሳንባል?»

«ልመናዬን ትቻለሁ። የማናግረው ሰው አስፋው ነው። እሷን ማንም አይፈልጋት፤ ስትሻ ራሷ ትልክብናለች። ተቀመጡ፣ ይልቅ የወለተኪዳንን ጠላ እንቅመስ።»

ሁለቱም ተቀመጡ። ጠላ ስቀዳ ግማሹን በአቶ ፈንታ ጉልበት ላይ አፈሰስኩት። መቅደላዊት ከኋላዬ መጥታ አንገቴን ስማ፣ «እምዬ፣ እውነት እራገጣለሁ?» አለችኝ።

«እንደ በቅሎ!» አልኳት።

አሁን እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ቤት እሄዳለሁ፤ ሴቶቹን የበግ ጠጉር መፍተል አስተምራለሁ። ጀሶዋን የፈታችው ቀጭኗ ሴት ከሁሉም ትበልጣለች፤ እኔ ስገባም መሮጥ ትታለች። ማንም እንዳይከተለኝ ግን መጀመሪያ በገበያው፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ በወንዙ ዞሬ ነው የምደርሰው።

«እምዬ፣ ይህን ያህልስ አያስፈልግም» ትለኛለች መቅደላዊት።

«ዝም በይ! ይልቅ ጃንጥላሽን ያዥ» እላታለሁ።