አሥራ ሦስት ወፎች

ቦሰና አረብ አገር ራካ በሚባል ሰፈር ካለው ቤት በሠራተኝነት ከተቀጠረች ሦስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ለእረፍት ደብረ ታቦር ሄዳ፣ ዓይናቸውን የታመሙ እናቷን እንድታይ ቃል ተገብቶላታል።

ማዳሟ ደማም ከተማ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ የሥዕል መምህርት ናት። በዚያ ሰሞን ሥዕል እንዴት መንቀሳቀስ እንደጀመረ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅ ሳሎኑን በድሮ መጫወቻ ሞልታዋለች። ደስ ያላት ቀን ቦሰናን ሥራ አስጥላ ታሳያታለች። አንዱ፣ ባንድ ፊቱ ወፍ በሌላው የወፍ ቤት የተሳለበት ክብ ካርቶን ነው፤ በክር ሲያሾሩት ወፏ ቤቷ ገብታ ትታያለች። ቦሰና ከሁሉ የወደደችው ግን ጎኑ ላይ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉትን ከበሮ ነበር። ውስጡ ሥዕል የተደረደረበት ረጅም ወረቀት ይገባል፤ ከበሮውን አሽከርክረው በክፍተቶቹ ሲያዩ ፈረስ ይጋልባል። ሲኒማ ከመምጣቱ ስልሳ ዓመት ያህል በፊት ሰው በዚህ ይደነቅ እንደነበር ማዳም ነግራታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቦሰና ሳሎኑን ስትጠርግ ያገኘችውን የመጠቅለያ ወረቀት ሁሉ ሰብስባ ደጅ ካለው ገንዳ ጣለችው። ቀትር ላይ ከበሮውን ልትወለውል ብታነሳው ባዶ ነው። ክው አለች። ከወለሉ ካነሳቻቸው ወረቀቶች መሃል አንዱ ጫፉ የተበላ ረጅም ጥቅል እንደነበር ትዝ አላት። ሮጣ ብትወጣ የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ገልብጦ ሄዷል።

የቤቱ ሾፌር አብዱሽኩር ደጅ መኪና ያጥባል። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ደማም ውስጥ አል አዳማ ሰፈር የከተሙ፣ እዚያው ተወልዶ የሸበተ ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። እረፍቷ መቅረቱ እንደሆነ፣ የአምስት ዓመቷ የማዳም ልጅ ቀደደችው ብትል ማን እንደሚያውቅባትም አልደበቀችውም።

አብዱሽኩር ውኃውን ዘጋ። «እህቴ፣ ሳትጠየቂ ተናገሪ» አላት። «ከተጠየቁ በኋላ የሚናገሩት እውነትም ውሸት ይመስላል። አላህ ያግራልሽ።»

ማዳም እስክትመጣ ገና ሦስት ሰዓት ይቀር ነበር። እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አቃታት። አገር ቤት ሳለች ቀሚስ ላይ ጥልፍ ትነድፍ ስለነበር፣ አንዱን ቅርጽ እኩል እያራራቁ መደርደር እጇ ያውቀዋል። ነጭ ወረቀት በከበሮው ልክ ቆርጣ፣ አርብ አርብ ኾበር ከተማ በባሕሩ ዳርቻ የምታያትን ነጭ ወፍ መሳል ጀመረች፤ ክንፏ ላይ፣ ክንፏ መሃል፣ ክንፏ ታች። ስትጨርስ ብትቆጥር፣ እንደ ከበሮው ክፍተቶች አሥራ ሁለት በመሆን ፋንታ አሥራ ሦስት ሆኑ። በወፎቹ መካከል ያለውን ርቀት አጥብባ ኖሯል። እንደገና ልትጀምር ስትል የመኪናው ድምፅ ተሰማ።

በሩ ላይ ተቀበለቻት። «ማዳም፣ ፈረሱን እኔ ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

ማዳም ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቁጭ አለች። ተማሪ ሳለች በገዛ እጇ የሳለችው ፈረስ ነበር። ወለል ላይ የተወችው እሷ ራሷ መሆኗን በቀስታ ተናገረች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። ቦሰና አፍራ ነገረቻት።

ማዳም ከበሮው ውስጥ አስገብታ አሽከረከረችው። ፈረሱ ባለበት ነበር የሚጋልበው፤ ይህቺ ወፍ ግን ክንፏን እያራገበች ከበሮውን ትዞር፣ ወደፊት ትሄድ ጀመር።

«ስንት ሳልሽ?»

«ተሳስቼ አሥራ ሦስት።»

«አልተሳሳትሽም» አለች ማዳም፣ ዓይኗን ከክፍተቱ ሳትነቅል። የሥዕሉና የክፍተቱ ቁጥር እኩል ከሆነ ሥዕሉ ባለበት ይንቀሳቀሳል፤ ሥዕሉ በአንድ ሲበልጥ ቦታውን ይለቃል። ይህንን ለተማሪዎቿ በቃል ስታስረዳ ብትኖርም ሠርታ አሳይታቸው አታውቅም። ቦሰናንም ጠርታ አብረው አዩ። ፈረሱ ግን እንደሚያሳዝናት ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ ቦሰናም አንገቷን ደፋች።

ወፏ ኤግዚቢሽኑ ላይ ቀረበች። አብዱሽኩር ከኤግዚቢሽኑ ዕቃ ሲመልስ፣ ተማሪዎቹ በወፏ ፊት መሰለፋቸውን ማዳም በስልክ ስታወራ እንደሰማ ለቦሰና ነገራት። ቦሰና ስለ እረፍቷ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበራትም። በማግስቱ ቀትር ላይ ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ከአገር የመውጫና የመመለሻ ፈቃዱን ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር አስቀመጠችላት፤ ለእናቷ የዓይን ጠብታ ከፈለገች ስሙን እንድትጽፍላት ነግራት ወጣች።

ቦሰና ስሟንና ቀኑን ደጋግማ አነበበች። ከዚያ ሳህን አውጥታ ከድስቱ ሩዝ ጨለፈች። ከማክሰኞ ወዲህ ምግብ የጣማት ያን ቀን ነው።