ባዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አበባ

ሠፈሩ «ዲኮሯ» ነው የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት ሰው እየቀነሰ ሄዶ አልቋል። ዕድሜዋን ሙሉ የድግስ አዳራሽ ስታስጌጥ የኖረች ሴት ናት። ሰርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ ልደት በሉት፣ ሰው ተሰብስቦ የሚበላበትና የሚጨፍርበት ቦታ ሁሉ የእሷ እጅ አርፎበታል። አሁን ጉልበቷ መሰላል አልወጣም ብሎ ስላስቸገራት ሥራውን ትታ ቤቷ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ያላት ልጅ ደግሞ ለትምህርት ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ትምህርቱ ለሥራ፣ ሥራው ለሌላ ሥራ እያቀበለው በዚያው ቀረ። ብቻዋን ናት። ብቻዋን ናት ስል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ የገዛ ድምፅዋን ሳትሰማ የምትውልበት ቀን አለ። አንዳንዴ ጉሮሮዋን የምትጠርገው ድምፅዋ አለመጥፋቱን ለማረጋገጥ ነው።

በሯን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ጎረቤቷ ስትሆን መክፈቻ እንጂ መዝጊያ የላትም ተብላ ነው ስሙ የወጣላት። እሷም ብትሆን ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ስለማያስቀምጧት ብቅ ብላ ነው የምትመለሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጇ ነው።

«እማዬ፣ ሥራ ሁለት ቦታ ጠሩኝ» አላት። «አንዱ እዚያው እናንተ ጋ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው የማሽን ጥገና። ሌላው ወደቡ ላይ ነው። እዚያ ከሆነ እንግዲህ ሩቅ ነው፤ በዓመት አንዴ ብመጣ ነው። የቅርቡን ከያዝኩ ግን ቤት ነው የምገባው፣ አንቺው ጋ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እና ምን አሰብክ የኔ ጌታ?»

«እንጃ። ቅዳሜ መጥቼ፣ አንቺንም አይቼሽ እወስናለሁ።»

«ደስ ያለህን አድርግ» አለችው፤ ስልኩንም ዘጋችው። ከዚያ እዚያው የቆመችበት ወለል ላይ ቁጭ አለች። ደስ ያለህን አድርግ! እስቲ አሁን ይሄ ከእናት አፍ የሚወጣ ነገር ነው? «ና፣ ቤትህ ግባ፣ ብቻዬን ልሞት ነው» ማለት እያማራት ነው እኮ ይህን ያለችው። ግን የእሷ እናት በዚህ ዓይነት እንባ ነበር ከአንድ መልካም ዕድል ያስቀረቻት፤ አስቀርታት ስታበቃም ሁለቱ ሲኮራረፉ ኖሩ። ልጄን በእንባ አልይዝም ብላ የማለችው ገና በሆዷ ሳለ ነው። ስለዚህ አፏ ያልቻለውን ቤቱ ይናገርላት ብላ ወሰነች። ገብቶ ሲያየው እግሩ እንቢ የሚል፣ ሰው ትቶት የማይሄደው ቤት ልትሠራ ተነሣች።

አቤት፣ የዚያን ሰሞን እጇ! ከጓዳ የድልህ ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ቀለም የደረቀበት ባልዲ ለቅማ አወጣች። ከታች በሚስማር በሳቻቸው፣ ጠጠር አነጠፈችባቸው፣ አፈርና አሸዋ ደባልቃ ሞላች። ጣሳዎቹን በኮላ ቀብታ ሲባጎ ጠመጠመችባቸው፤ ባልዲውን ነጭ ቀብታ በዳንቴል ቁራጭ አበባ አተመችበት። ከጎረቤት ጽጌረዳ ቆርጣ ተከለች፣ ሐረጉን ከመስኮቱ ፍሬም ጋር አስተቃቀፈች። ከድሮ መጋረጃ ትራስ ሰፋች። የልጇን ያረጀ ጅንስ ቀድዳ ኪሶቹን ብቻ አወጣችና በሰሌን ላይ ሰፍታ እስክሪብቶና መቀስ መያዣ አደረገቻቸው። የእሱን ክፍልማ ተዉት። አልጋው አዲስ ልብስ ለበሰ፣ በራስጌው በቀጫጭን ሽቦና በወረቀት የተሠራ የአበባ ጉንጉን ተሰቀለ፣ መስኮቱ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ቀለም ተቀብታ ቆመች። ጉልበቷ ሲያማት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በርጩማውን እየጎተተች ነው ግድግዳውን የዞረችው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አዳራሽ አስጌጦች ዘንድ ደንብ አለ። የተጠራው ሰው ሳይሞላ ከቀረ ባለድግሱ ያፍራል፤ ስለዚህ ዲኮር የሚሠራው ሰው በጎን በር ገባ ይልና ባዶ የቀሩት ወንበሮች ላይ ማስቀመጫ ከነአበባው ያኖራል፤ ባዶ ጥግ ላይ ትልቅ ተክል ያቆማል፤ ማንም ያልነካው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ይበትናል። ከሩቅ ለሚያየው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙያውን ያስተማሯት አለቃዋ «ባዶ ወንበር አፍ አለው፤ ሳይናገር ዝጊው» ይሏት ነበር። እሷም ይሄን ስትሠራ ስለኖረች ዓይኗ ባዶ ቦታ አይችልም። እጇ ሳያማክራት ነው የሚሄደው።

ለዚያ ነው የራሷ አንድ ወንበር ጠረጴዛው ጋ ብቻውን ሲቆም ስታየው ያልተዋጠላት። ሬዲዮ ቤት ሄዳ ወንበር ተዋሰች። ጠረጴዛውን ዙሪያውን ሞላችው። ስኒዎቹን ሁሉ አውጥታ መንጠቆ ላይ ሰቀለች። ትራሶቹን ሰው ተደግፎባቸው የተነሣ እንዲመስሉ በክርኗ መሃል መሃላቸውን ጎድጎድ አደረገቻቸው።

ሬዲዮ የመጨረሻዋን ወንበር ተሸክማ መጥታ በሩ ላይ ቀጥ አለች። «ወይ ጉድ! አንቺ ሴትዮ፣ ማን ሊዳር ነው?»

«ልጄ ሊመጣ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እንዲቀርልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ይሄም ይጠየቃል?»

«እንግዲያውስ ይሄን ሁሉ ንቀይ! ነጠላ ጫማሽን አድርገሽ፣ ያቺን ያረጀች ሹራብሽን ለብሰሽ ተቀበይው። ወገቤን በይ። ጉልበትሽን አሳዪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እታለም!»

«ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባበትም» አለቻት ዲኮሯ፣ ጽጌረዳዋን ወደ ብርሃኑ እያዞረች። «ቤቱን ሲያየው ይገባዋል።»

«ምኑ?»

«ለሱ መሠራቱ ነዋ።»

ሬዲዮ ራሷን እየነቀነቀች ወንበሩን አስቀምጣ ሄደች። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ቅዳሜ ልጇ መጣ። ማሙሽ ነው የምትለው፤ ጢሙ ግጥም ያለ፣ ሠላሳን የተጠጋ ማሙሽ። በሩን ከፍቶ ገባና ሻንጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ከሐረጉ ወደ ስኒዎቹ፣ ከስኒዎቹ ወደ ወንበሮቹ ሄደ። እሷ ትንፋሿን ይዛ ፊቱን ታያለች። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። እሷም አብራ በራች።

«እማዬ!» አለ፤ አቅፎ ሳማት። «እማዬ፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትኖሪው?»

«ምን አለኝና» አለች፤ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት።

«የድሮ ክፍልህንም እየው» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው። ማሙሽ የአበባ ጉንጉኑን ነካ፣ የጅንሱን ኪሶች አይቶ ሳቀ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጎሽ እማዬ! የእንግዳ ማረፊያ አደረግሽው! እኔ እኮ የኔ ኮተት እንደተቆለለበት ነበር የመሰለኝ። ማን ማን ያርፍበታል?»

ያንተ ነው፣ ላንተ ነው ለማለት አፏን ከፈተች። ልጅየው ግን እየሳቀ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው ትከሻውን እያፍታታ ነበርና አፏን መልሳ ዘጋችው። «የመጣ ሁሉ» አለች።

ማታ እራት ሲበሉ እሱ ነው ብዙውን ያወራው። የተዋሰቻቸው ወንበሮች ዙሪያቸውን ቆመዋል። በየመንገዱ፣ በየአውቶብሱ፣ እሷ ብቻዋን ጨለማ ቤት ተቀምጣ ስትታየው እንደኖረ ነገራት። «ስልክ ስደውል ድምፅሽ ቀጭን ይሆንብኝ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ቀን አለ እኮ። ደግሞ ለማን ይነገራል? አሁን ግን እንዲህ ቤቱ ሞቆ፣ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ሆኖ ሳየው...» ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ ጠጣ። «አሳረፍሽኝ፣ እማዬ።»

እንግዲህ ይታያችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄኔ ነው። እጇ አመድ አፋሽ ሆኖባት አይደለም፤ እጇማ ከሚገባው በላይ ሠርቷል። ሰው የለም ብሎ የሚጮኸውን ቤት አፉን ዘጋችው፣ ልጇም የተዘጋውን አፍ አይቶ የሚናገር ነገር የለም ብሎ ደመደመ። ያንን የራሷን አንድ ወንበር ብቻውን ብትተወው ኖሮ! ሳህኑን ስታነሣ እሱ ጀርባውን አዙሮ ጽጌረዳዋን ውሃ እያጠጣላት ነበር።

ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ከራሷ ጋር ተሟገተች። በእንባ መያዝ ሌላ፣ እውነት መናገር ሌላ ነው አለች። ጠዋት እነግረዋለሁ፤ እውነቱን አውቆ ከሄደም ይሂድ አለች። ይህን ስትወስን ቀለል አላትና እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ክፍሉ ስትገባ አልጋውን አንጥፎ ልብሱን እያጣጠፈ አገኘችው። በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ማሙሽ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ወንበሮቹ የኔ አይደሉም።»

«እህ?»

«የሬዲዮ ናቸው። ተውሼ ነው። ይሄ ቤት ሰው አይገባበትም፣ ልጄ። ከሬዲዮ በቀር ማንም አይመጣም። ይሄ ክፍልም የእንግዳ አይደለም፤ ያንተ ነው፣ እንድትቀርልኝ ብዬ ነው የሠራሁት። ብቻዬን ነኝ። በጣም ብቻዬን ነኝ።»

ይኸው ተናገረችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እንባም አልወጣትም። ማሙሽ በእጁ ያለውን ሸሚዝ እንደያዘ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ትናንት ማታ ደወልኩላቸው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ለወደቡ ሰዎች። እሺ እመጣለሁ አልኳቸው። የዚህኞቹንም ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። አንቺ ተኝተሽ ነበር። ቤቱን ሳየው ጊዜ...»

«አሃ» አለች።

«ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?» አላት። ቁጣ አልነበረም፤ ለቅሶ ሊቀድመው የደረሰ ልጅ ድምፅ ነው። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ልደውልላቸው? ትቼዋለሁ ልበላቸው? የዚህኞቹ ሰው ካላገኙ መልሰው ይወስዱኝ ይሆናል። ካልሆነም ሌላ እፈልጋለሁ። በይ ንገሪኝ፣ ልተወው?»

አየችው። ትከሻው፣ ትናንት የተፍታታው ትከሻ፣ ተሰብስቦ ጆሮው ሥር ደርሷል። አዎ ብትለው ይደውላል። ይቀራልም። በዚህ ፊት ይገባል፣ በዚህ ፊት ይወጣል፣ በዚህ ፊት ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ ወደቡ በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ወለል ወለሉን ያያሉ። አንድ ቃል ናት። «አዎ» የምትል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ታማለችም፣ ትጣፍጣለችም።

ሳቀች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከት ብላ ሳቀች።

«ወይኔ ልጄን! አመንከኝ እንዴ? ቀልዴን ነው!»

«እንዴት ቀልድ?»

«ልብስህን ስታጣጥፍ ሳይህ ላስደነግጥህ ብዬ ነዋ! ምነው፣ እናትህን አታውቃትም? ወንበሮቹንስ ተውሻለሁ፣ እሱ እውነት ነው፤ ሬዲዮና ጓደኞቿ ሲመጡ መቀመጫ ስለሚያጥረን። ስልክህን ክተት! ሰው እሺ ብሎ ቃል ከሰጠ በኋላ ይዋሻል?»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«ማሪያምን በይ?»

ልጅ ሆኖ ነበር እንዲህ የሚያስምላት። «ማሪያምን» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ማሙሽ አየት አደረጋትና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ትከሻው ወረደ። ደሙ ወደ ፊቱ ተመለሰ። «አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን ትገዪኛለሽ» አለ፣ እየሳቀ፣ ሸሚዙን ወደ ማጣጠፉ እየተመለሰ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

አመናት። ማመን ፈልጎ ስለነበር ብዙም አላስቸገረውም። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ ማድረግ ጀመረች፤ ያ ሁሉ ሳቅ ከአፏ ሲወጣ የፈለገችው እንዳያምናት ነበር።